ቦንዱ ላይ ምን ቢጨመር ነው ሙሌቱ የሚቆየው?

የዚህ ዕትም ደብዳቤዎች ሳይነጋገሩ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ሙሌትን፣ ክራውንን (ጥርስ ላይ የሚደፋ ቆብ)፣ አርቴፊሻል ጥርስን ከአፋችን ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ፣ የጥርስ ሐኪሞች ባጭሩ «ቦንድ» የምንለው ነገር። ውስጡ ምን አለ? ምን ቢጨመርበት ዕድሜው ይረዝማል? የሚለው ነው ጥያቄው። ግማሾቹ ጠያቂዎች ወንበሩ ላይ የሚተኙ ናቸው፣ ግማሾቹ ወንበሩ አጠገብ የሚቆሙ። ቀላቅዬ ነው የምመልሰው። የባለሙያዎቹ ክፍል ከከበዳችሁ ዝለሉት፣ አልቀየምም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የመንጋጋ ጥርሴ ድዱ አጠገብ ተበልቶ ነጭ ሙሌት ተሠራልኝ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሳያመኝ፣ ሳይሰበር፣ እንዲሁ ሙሉውን ወለቀ። የፊት ጥርሴ ጫፍ ላይ ከዚያ በፊት የተሠራልኝ ግን እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ አንዱን በደህና ማጣበቂያ ሌላውን በመናኛ ሠርቶት ይሆን?

መልስ፦ ሐኪምዎን በዚህ አይጠርጥሩት። ሁለቱም ከአንድ ጠርሙስ በወጣ ቦንድ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ቦንዱ ያረፈበት ቦታ ነው።

የፊት ጥርስዎ ጫፍ ላይ ያለው ኢናሜል፣ የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን ነው። ኢናሜል በክብደት 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። አሲድ ሲቀባ ላዩ ይሸረሸርና በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ያወጣል፤ ፈሳሹ ሬዚን፣ የቦንዱ ፕላስቲክ መሰል አካል፣ እነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ገብቶ በመብራት ሲጠነክር በቀላሉ አይለቅም። ይህን መንገድ የከፈተው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ማይክል ቦኖኮር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ቀብቶ። ዛሬ የምንጠቀመው ከ35 እስከ 37 በመቶ የሆነውን ነው እንጂ ዘዴው ያው ነው።

ድዱ አጠገብ ግን ኢናሜሉ ይሳሳል ወይም ጨርሶ የለም። ያለው ዴንቲን፣ ከኢናሜል ሥር የሚገኘው የጥርሱ አካል ነው። ዴንቲን በግርድፉ 70 በመቶ ማዕድን፣ 20 በመቶ ኦርጋኒክ ነገር፣ 10 በመቶ ውሃ ነው። ኦርጋኒኩ በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ክር መሰል ፕሮቲን ነው። በዚያ ላይ ከጥርሱ ነርቭ በኩል ፈሳሽ የሚያመላልሱ ረቂቅ ቱቦዎች አሉት፤ ስለዚህ ምንም ቢያደርጉት እርጥብ ነው። አሲዱ ማዕድኑን ሲያወጣው ጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የኮላጅን መረብ ራቁቱን ይቀራል። ቦንዱ እዚያ መረብ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ መጠንከር አለበት። ጃፓናዊው ተመራማሪ ናካባያሺ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳዩት፣ ሃይብሪድ ሌየር የሚባለው ድብልቅ ንብርብር ይሄ ነው።

ችግሩ ቦንዱ አሲዱ የወረደበት ድረስ ሙሉ በሙሉ አለመውረዱ ነው። ከሥር ያልተሸፈነ ኮላጅን ይቀራል፣ ውሃም አብሮት። ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ ያንን ኮላጅን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች የግድ ከባክቴሪያ የመጡ አይደሉም። ዴንቲኑ ሲሠራ ጀምሮ ውስጡ የተቀበሩ የራሳችን ኢንዛይሞች ናቸው፣ ኤምኤምፒ ይባላሉ፣ አሲዱ ሲነካቸው ይነቃሉ። የዴንቲን ተመራማሪው የፓሽሊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሥራ በአሲድ የታጠበ ዴንቲን በሰው ሠራሽ ምራቅ ውስጥ 250 ቀን ሲቀመጥ ኮላጅኑ ከሞላ ጎደል አልቆ ተገኘ። ኢንዛይሙን የሚያግድ ነገር የተጨመረበት ግን ተርፏል።

እንግዲህ የእርስዎ ሙሌት ሳይሰበር ሙሉውን መውለቁ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ንብርብር ቀስ በቀስ ሲያልቅ ቆይቶ አንድ ቀን ለቀቀ። ሌሊት ጥርስ የማፋጨት ልማድ ካለብዎ ደግሞ የጥርሱ አንገት በየጊዜው እየታጠፈ ሥራውን ያፋጥነዋል፣ እሱን ለሐኪምዎ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የአምስተኛ ዓመት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ። ከአሲዱ በኋላ ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ጀርም ገዳይ ቢቀባ የቦንዱ ዕድሜ ይረዝማል ብዬ አንብቤያለሁ። አስተማሪያችን ግን «ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንተ ያነበብከው ላብራቶሪውን ነው፣ እሱ የሚያወራው ታካሚውን።

ላብራቶሪው የሚለው ግልጽ ነው። እነዚያ ኤምኤምፒዎች ለመሥራት ዚንክና ካልሲየም ይፈልጋሉ፤ ክሎርሄክሲዲን ይህን ይነጥቃቸዋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። 2 በመቶውን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ቀብተህ፣ ሳታጥብ ትርፉን አንስተህ ቦንዱን ብትቀባ የመጀመሪያው ቀን ጥንካሬ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አታይም። ስድስት ወር፣ ዓመት ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ እስኪላቀቅ ስትስበው ግን ያልተቀባው ጥንካሬው ወርዶ ታገኘዋለህ፣ የተቀባው የተሻለ ይዞ ይጠብቅሃል። ሰው አፍ ውስጥ ከርመው በተነቀሉ ጥርሶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው።

ታካሚ ላይ ሲሞከር ግን፣ በተለይ የጥርስ አንገት ላይ በተሠሩ ሙሌቶች፣ የተቀባውና ያልተቀባው በመውለቅ ብዛት ተለያይተው አልታዩም። ለምን? አንደኛ፣ ክሎርሄክሲዲን ኮላጅኑን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ታጥቦ ይሄዳል፣ እሱ ሲሄድ ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል። ማለትም ሞቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሁለተኛ፣ ሙከራዎቹ የሚከታተሉት ጥቂት ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደህና ቦንድ ያለ ምንም ጭማሪ አብዛኛውን ሙሌት ይዞ ይቆያል፣ ልዩነቱ የሚታይበት ቦታ የለውም። ሦስተኛ፣ ሙሌቱ ዙሪያውን ኢናሜል ካለው ውሃውም አይገባም፣ ውስጥ ያለው ንብርብርም ይጠበቃል።

«እሺ እንዳይታጠብ ቦንዱ ውስጥ ለምን አንቀላቅለውም?» ትለኝ ይሆናል። ተሞክሯል። ትንሽ ከሆነ ይሠራል። ሲበዛ ግን ከሬዚኑ ጋር ስለማይያያዝ በመሃሉ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል፣ ታጥቦ ሲወጣም ክፍተት ይተዋል። ለዚህ ነው ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤምዲፒቢ የሚባለውን ሞኖመር (እርስ በርሱ ተያይዞ ሬዚን የሚሆን ሞለኪውል) ያመጡት። ባክቴሪያ ገዳዩ ክፍል ከሬዚኑ ጋር አብሮ ይጠነክራል፣ ስለዚህ አይወጣም። ግን ስለማይወጣ የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። ሁሌም እንዲህ ነው፣ አንዱን ስታገኝ ሌላውን ትሰጣለህ።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ጥልቅ ዴንቲን ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ከተጠቀምኩ እቀባለሁ። ርካሽ ነው፣ አንድ ደቂቃ ነው። ራሱ አሲድ የሆነ ቦንድ ስጠቀም ግን አልነካካውም፣ ምክንያቱም እዚያ ራቁቱን የሚቀር ኮላጅን ያን ያህል የለም። ለክሎርሄክሲዲን አለርጂ ያለው ሰው ደግሞ አልፎ አልፎ አለ፣ ሲነሳ ኃይለኛ ነው፣ መጀመሪያ ጠይቅ። አስተማሪህንም አትከራከረው፣ ፈተና ላይ የሚፈልገውን ጻፍለት።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ ሻይና የወይን ፍሬ ዘር የጥርስ ማጣበቂያን ያጠነክራሉ የሚል ነገር አየሁ። እኔ አረንጓዴ ሻይ በየቀኑ ነው የምጠጣው። ሙሌቶቼ ከሰው የበለጠ ይቆያሉ ማለት ነው?

መልስ፦ ቢሆንማ ለሁላችንም ባዘዝን! አይደለም። ወሬው ግን ከባዶ አልተነሣም።

አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ኢጂሲጂ፣ የወይን ዘር ውስጥ ደግሞ ፕሮአንቶሳያኒዲን የሚባሉ ነገሮች አሉ። እነዚህ የኮላጅን ክሮችን እርስ በርስ ያስተሳስራሉ። የተሳሰረ ኮላጅን ይጠነክራል፣ ኢንዛይሙ የሚቆርጥበትን ቦታ ያጣል፣ ኢንዛይሙም ራሱ ይዳከማል። ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው ኮላጅኑ ተገልጦ ባለበት ሰዓት፣ ቦንዱ ከመቀባቱ በፊት፣ በቀጥታ ሲቀባ ነው። የእርስዎ ተሸፍኗል። ሻይዎ የሚደርሰው የሙሌቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ እዚያ የሚሠራው ሥራ ቢኖር ማጥቆር ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ጠርሙሱ ውስጥ አይገባም? ቦንድ በመብራት የሚጠነክረው ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ተነሥተው ሰንሰለቱን ስለሚያስጀምሩ ነው። እነዚህ የዕፅዋት ውህዶች ደግሞ ስመ ጥር የሆኑት ፍሪ ራዲካልን በመያዝ ነው። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሲገናኙ ቦንዱ ሳይጠነክር ለስላሳ ይቀራል። ቡናማ ቀለማቸውም የፊት ጥርስ ላይ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ደግሞ ዴንቲኑን አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ነክረውት ነበር። አፉን ከፍቶ አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ካለ ይጻፍልኝ። አሁን ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ለማውረድ እየተሞከረ ነው፣ ደስ የሚል አቅጣጫ ይመስለኛል።

ኮላጅን የማስተሳሰሩ ሐሳብ ራሱ ግን አዲስ አይደለም። ጥርስ ሲጠዘጥዝ የሚቀባ፣ 5 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ከ35 በመቶ ሄማ ከሚባል ሞኖመር ጋር የያዘ ፈሳሽ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አለ። ይሠራል። መርዛማ ስለሆነ ግን ድድም ነርቭም አጠገብ ማድረስ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ክሊኒክ ከከፈትኩ ብዙም አልቆየሁ። አንድ ጠርሙስ ዩኒቨርሳል ቦንድ ገዝቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ኤምዲፒ፣ ሄማ፣ ሲሌን፣ ኤታኖል፣ ውሃ፣ ሲሊካ ይላል። ሻጩ «ለዴንቲንም፣ ለዚርኮኒያም፣ ለፖርሴሊንም ይሄው ይበቃዎታል» ብሎኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሦስት ነገር ነው ያልዎት። አንዱ እውነት ነው፣ አንዱ በሁኔታ ነው፣ አንዱን ግን አይስሙት።

ከኤምዲፒ እንጀምር፣ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ሁሉ ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከጃፓን የመጣ ሞኖመር ነው። አንደኛው ጫፉ ፎስፌት ነው፣ የጥርሱን ካልሲየም ይይዛል፤ ሌላው ጫፉ ከሬዚኑ ጋር ይጠነክራል። ከካልሲየሙ ጋር የሚሠራው ጨው ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ በቀጫጭን ድርብርብ ሆኖ ይቀመጣል። ዕድሜ የሚሰጠው ይህ ነው። ታዲያ ካልሲየሙን እንዲያገኝ መተው ያስፈልጋል። ዴንቲኑን በፎስፎሪክ አሲድ አጥበው ካልሲየሙን አስወግደው ሲያበቁ «ኤምዲፒ አለው» ማለት ትርጉም የለውም። አሲዱን ኢናሜሉ ላይ ብቻ ያድርጉ፣ ምክንያቱም የቦንዱ የራሱ አሲድ ለኢናሜል ደካማ ነው። ዴንቲኑ ላይ ቦንዱን እየፈተጉ ይቀቡት፣ ብዙዎቹ አምራቾች 20 ሰከንድ ይላሉ። ቀብቶ ወዲያው መንፋት አይሆንም።

ዚርኮኒያም (ክራውን የሚሠራበት ነጭ ሴራሚክ) ላይ ይሠራል፣ ፎስፌቱ የዚርኮኒያውን ኦክሳይድም ይይዛል። ይህ ነው በሁኔታ ያልኩት፤ ክራውኑ አፍ ውስጥ ተሞክሮ ምራቅ ከነካው የምራቁ ፎስፌት ቦታውን ቀድሞ ይይዘዋል። በአሸዋ ንፊያ ወይም ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ ያጽዱት። በፎስፎሪክ አሲድ ብቻ እንዳያጸዱት፣ ሌላ ፎስፌት ጨመሩበት ማለት ነው።

ፖርሴሊኑ ላይ ሻጩን አይስሙት። ሲሌን፣ ፖርሴሊንን ከሬዚን ጋር የሚያገናኘው ነገር፣ አሲድና ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ ይፈርሳል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። ክሊኒክዎ ሲደርስ ምን ያህሉ እንደሚሠራ አይታይዎትም። በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ካዘጋጁት በኋላ ለብቻው የተዘጋጀ ሲሌን ይቀቡ፣ ቦንዱን ከዚያ በኋላ።

ሄማ ባለ ሁለት ፊት ነው። ትንሽና ውሃ ወዳድ ሞኖመር ስለሆነ እርጥቡ ዴንቲን ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃና ሬዚንም እንዳይለያዩ ያደርጋል። ግን ከጠነከረ በኋላም ውሃ መውደዱን አይተውም። ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። በዘመናችን ያሉ ቀላል ቦንዶች ውሃ አሳላፊ ናቸው የሚባለው ለዚህ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የውሃው መንገድ ቅርንጫፍ እያወጣ ስለሚሄድ «የውሃ ዛፍ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። መድኃኒቱ ተጨማሪ ኬሚካል ሳይሆን ተጨማሪ ንብርብር ነው። ቦታ ካለዎት ዩኒቨርሳሉ ላይ ውሃ የማይወድ ተራ ሬዚን ደርበው ይቀቡ። በኔ ግምት ከብዙ የተወራላቸው ጭማሪዎች ይህ ይበልጣል።

ኤታኖሉና ውሃው መውጣት አለባቸው። ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆምና ላዩ አብረቅራቂ እስኪሆን በቀስታ ጀምረው ይንፉ። ውስጥ የቀረ ውሃ ሬዚኑ እንዳይጠነክር ያደርጋል፣ ያልጠነከረ ሬዚን ደግሞ ምንም ቢጨመርበት ዕድሜ የለውም። አሴቶን ያለበት ጠርሙስ ከሆነ ክዳኑ ተከፍቶ አይቆይ፣ ከኤታኖል በጣም ፈጥኖ ነው የሚተነው፤ ጠብታውን የሚያወጡት ሊቀቡ ሲሉ ብቻ ይሁን። ስለ ሲሊካው ብዙ የምለው የለኝም። ጥቂት በመቶ ከሆነ ንብርብሩን ያጠነክረዋል፣ ከዚያ ያለፈ ሚና የለውም።

ጥያቄ፦ ጥርሴን አስነጥቼ በሦስተኛው ቀን የፊት ሙሌቴን ላስቀይር ስሄድ ሐኪሟ «ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ነይ» አለችኝ። ምን አገናኘው?

መልስ፦ ጎበዝ ሐኪም ይዘሻል። ማንጫው ፔርኦክሳይድ ነው፤ ጥርሱ ውስጥ ኦክስጅን ይተዋል። ኦክስጅን የቦንዱን መጠንከር ያስቆማል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሲቆይ በራሱ ይወጣል፣ ቀለሙም እስከዚያ ይረጋልሽና ሙሌቱ ከጥርስሽ ጋር ይመሳሰላል። 10 በመቶ ሶዲየም አስኮርቤት፣ ማለትም የቫይታሚን ሲ ጨው፣ ቢቀባ ኦክስጅኑን እንደሚያጠፋ በላብራቶሪ ታይቷል፤ ግን መጠበቁ ይቀላል። የቫይታሚን ሲ ክኒን ወይም ሎሚ ጥርስሽ ላይ እንዳታሺ ብቻ፣ እነሱ አሲድ ናቸው።

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ቦንድ ውስጥ የብርና የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶችን እየቀላቀልኩ ነው። ትንሽ ስጨምር ጥንካሬው ደህና ነው፣ መጠኑን ከፍ ሳደርግ ግን ይወርድብኛል። የት ጋ ነው የተበላሸብኝ?

መልስ፦ የተበላሸብሽ የለም፣ ሁሉም የሚያገኘውን ነው ያገኘሽው። ምክንያቱ ግን አንድ ብቻ አይደለም፣ የቱ እንደሆነ ለይተሽ ካልጻፍሽ ደግሞ ፈታኞቹ አይለቁሽም።

መጀመሪያ መብራቱን ተጠራጠሪ። አብዛኛው ቦንድ የሚጠነክረው ብርሃን ተቀብሎ መጠንከሩን በሚያስጀምረው በካምፈርኪኖን ነው፣ እሱ ደግሞ 470 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው የሚፈልገው። ዚንክ ኦክሳይድ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ የብር ቅንጣት ደግሞ 400 ናኖሜትርና ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለው አካባቢ ራሱ ይውጠዋል፣ ሬዚኑንም ያጠቁረዋል። ስለዚህ ከመሳብሽ በፊት የመጠንከሩን ደረጃ በኤፍቲአይአር (በኢንፍራሬድ ብርሃን በሚለካው መሣሪያ) ለኪ፣ 1638 እና 1608 ሴሜ⁻¹ ላይ ያሉትን ጫፎች አወዳድረሽ። እሱ ወርዶ ከሆነ የምትለኪው ስለ ናኖ ቅንጣቱ ሳይሆን ስላልጠነከረ ሬዚን ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑ። ራቁቱን በቀረው የኮላጅን መረብ ውስጥ በክርና በክር መካከል ያለው ክፍተት 20 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ቅንጣትሽ ጠርሙሱ ላይ 20 ቢልም ሬዚን ውስጥ ሲገባ ይጓጉላል፣ መቶዎች ይሆናል። መረቡ እንደ ወንፊት ከላይ ያስቀረዋል። ከላይ የተከማቸው ጓል ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ሬዚኑ ስለሚወፍርም ወደ ታች መስረጉ ይቀንሳል፤ ኮላጅን ለማዳን ብለሽ የጨመርሽው ነገር ያልተሸፈነውን ኮላጅን አበዛልሽ ማለት ነው። በአልትራሳውንድ መበተን፣ የቅንጣቱን ገጽ በሲሌን መሸፈን ይረዳል። መጠኑን ዝቅ ማድረግ ግን ከሁሉም ይረዳል።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆጣሽ። «ጥንካሬው ደህና ነው» ያልሽው በስንተኛው ቀን ነው? ከ24 ሰዓት በኋላ ከሆነ ስለ ዕድሜው ገና ምንም አላወቅሽም። በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል ዓመት አስቀምጪው፣ ውሃውንም በየጊዜው ለውጪ። ጊዜ ከሌለሽ በ5 እና በ55 ዲግሪ መካከል እያፈራረቁ መንከር አለ፤ 10,000 ዙር እንደ አንድ ዓመት የመቁጠር ልማድ አለ፣ ግን ስምምነት እንጂ ልኬት አይደለም፣ ብዙ አትመኪበት። የመጀመሪያ ቀን ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሆኖ ዓመት ሙሉ የማይወርድ ጭማሪ ካገኘሽ፣ ከፍ ብሎ ጀምሮ ከሚንኮታኮተው ይልቅ እሱን ይዘሽ ነይ።

አንዳንድ ወጥመዶችም አሉ። ዱቄቱን በኤታኖል በጥብጠሽ ከጨመርሽ፣ ያለ ዱቄት ያለው ማነጻጸሪያሽም ያንኑ ያህል ኤታኖል ይጨመርበት፤ ያለዚያ የምታወዳድሪው ኤታኖልን ነው። ከአንድ ጥርስ ለመሳብ የተቆረጡ አሥር ቀጫጭን ዘንጎች አሥር ናሙና አይደሉም፣ ስታቲስቲክሱን በጥርስ ሥሪው። ገና ሲቆረጡ የረገፉትንም ቁጠሪያቸው፣ ብዙ ሰው ይደብቃቸዋል። እና የውሃ መስረጊያውን በብር ናይትሬት ልታቀልሚ ካሰብሽ ቆም በይ፤ የራስሽ የብር ቅንጣት እዚያው ስላለ ማይክሮስኮፑ ሁለቱን አይለይልሽም።

ጥያቄ፦ የጥርስ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ጓንት እያደረግሁም የጣቶቼ ጫፍ ይሰነጠቃል፣ ያሳክከኛል። ቦንዱ ነው ይሉኛል። እውነት ነው? ሄማ የሌለው ብንቀይርስ ሙሌቱ ቶሎ ይወልቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ የሄማ አለርጂ ይመስላል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ በፓች ምርመራ (ቆዳ ላይ ተለጥፎ በሚታይ የአለርጂ ምርመራ) አረጋግጪ። ጓንቱ ያልጠቀመሽ ሄማ ተራውን የሕክምና ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ስለሚገባ ነው። ቦንድ ጓንትሽን ከነካ ማበስ አይበቃም፣ ወዲያው ቀይሪው። በብሩሽ ሥሪ፣ በጣት ብልቃጡን አትጥረጊ። ጄል ጥፍር የምትሠሪ ከሆነም አቁሚ፣ እዚያም ውስጥ ሄማ ብዙ ጊዜ አለ።

ሄማ የሌላቸው ቦንዶች አሉ፣ ውሃ በመጠጣት በኩል እንዲያውም የተሻሉ ናቸው። ጣጣቸው ሲቀቡ ውሃውና ሬዚኑ መለያየቱ ነው። በደካማ ንፋስ ከተነፉ የውሃ ጠብታዎች ውስጡ ተይዘው ይቀራሉ። አምራቹ «በኃይል ይነፋ» ካለ በኃይል ይነፋ። ሐኪሙ በለመደው እጁ እንደ ድሮው እፍ ካለበት ግን ሙሌቱ ቶሎ ይወልቃል፣ ያኔ ጥፋቱ የቦንዱ አይሆንም። ሌላ ሞኖመር ለሄማ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊነካው ስለሚችል የአዲሱንም ዝርዝር ለቆዳ ሐኪምሽ አሳዪ።

ጥያቄ፦ እናቴ ተነቃይ ጥርሷን በሚቀባ ማጣበቂያ ነው የምታስይዘው። አሁን አሁን ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቱቦ ትጨርሳለች። ዚንክ ያለበት ይቆያል፣ የሌለበት አይቆይም ትለኛለች። ዚንክ ይጎዳል የሚባለውስ?

መልስ፦ ይህ ከላይ ካወራነው ቦንድ የተለየ ነገር ነው፣ ግን ወንድሜ ጥያቄህ አጣዳፊ ስለሆነ አላሳደርኩትም። ዚንኩ ማጣበቂያውን ያጠብቀዋል፣ እናትህ አልተሳሳቱም። በልኩ ሲቀባም ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ለዓመታት ከልክ በላይ ሲዋጥ ግን ሰውነት መዳብ እንዲያጣ ያደርጋል፣ ከዚያ የደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ይመጣል፤ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ሚዛን ማጣት። እንዲህ የደረሰባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ትልቅ አምራች ዚንክ ያለበትን ማምረት ያቆመውም ለዚህ ነው።

68 ግራም ያህል የሚይዝ ቱቦ ላይና ታች ሙሉ ጥርስ ላለው ሰው ሰባት ስምንት ሳምንት መቆየት አለበት። በሳምንት አንድ ማለቅ አይገባውም። እግራቸውን ወይም እጃቸውን ይደነዝዛቸው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቃቸው፣ አዎ ካሉ ሐኪም ዘንድ ወስደህ ዚንክና መዳባቸውን በደም አስለካ። ዚንክ የሌለበትን ግዛላቸው። ጥርሱን ደግሞ ይዘሃቸው ሂድና ይታይ፤ ድድ በጊዜ ብዛት እየሟሸሸ ስለሚሄድ ልኩን ስቶባቸው ይሆናል፣ ውስጡ እንደገና ሲሞላ ማጣበቂያውን ጭራሽ ላይፈልጉት ይችላሉ።